ዝምታ ፈቃድ አይደለም፦ በአረጋውያን መኖሪያ ቤት የወላጆቻችንን ክብርና ገመና ስለ መጠበቅ

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ከፊሎቻችን እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ ከፊሎቻችንም በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ስንገባ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት የሚባለውን ነገር አናውቀውም ነበር። በጎንደርና በትግራይ መንደሮቻችን ሽማግሌ የሚጦረው በልጁ ቤት ነው። መደቡ ለእርሱ ይነጠፋል፣ እሳቱ ለእርሱ ይጠጋል፣ ማዕዱም አስቀድሞ ለእርሱ ይቀርባል። ዛሬ ግን ባልም ሚስትም ከማለዳ ጀምረው ሥራ ላይ ይውላሉ፤ የብዙዎቻችን መኖሪያ በፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ቤት ነው፤ በሽታውም ቀንና ሌሊት የሰለጠነ እጅ የሚፈልግበት ጊዜ አለ። ስለሆነም ብዙ ቤተሰብ እናቱን ወይም አባቱን በዕብራይስጥ "ቤት አቮት" ወደሚባለው ስፍራ ለማስገባት ተገድዷል። ይህን ያደረገውን ልጅ ወላጁን ጣለ ብለን ለመፍረድ አንቸኩል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማስገባት ይገባል ወይስ አይገባም ብሎ መከራከር አይደለም። ወላጃችን ከገባ በኋላ፣ በሩ ሲዘጋና እኛ ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ክብሩና ገመናው እንዴት እንደሚጠበቅ ለማስረዳት ነው።

ገመና ማለት ምን ማለት ነው?

በዕብራይስጥ "ፕራቲዩት" የሚሉትን ቃል አንዳንድ ወጣቶቻችን የፈረንጅ ነገር አድርገው ያዩታል። "እኛ አገር ሁሉም በአንድ ጎጆ ነበር የሚያድረው፣ ምን ፕራቲዩት ነበረን?" ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ ስሕተት ነው። አማርኛ "ገመና" የሚል የከበረ ቃል አለው። ገመና ሰው ለሌላ ዓይንና ጆሮ የማያወጣው የገላው፣ የቤቱና የኑሮው ጉዳይ ነው። ሰውን ለማመስገን ስንፈልግ "ገመና ሸፋኝ ነው" እንላለን፤ ስንወቅስም "ገመናዬን አወጣው" እንላለን።

ቤተ እስራኤል ይህን በጎጆ አሠራሩ ጭምር የጠበቀ ሕዝብ ነው። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከመንደሩ ዳር ወዳለው የመርገም ጎጆ ትሄድ ነበር። ስትወልድም በአራስ ጎጆ ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ትቆያለች፤ ቀኗን ስትጨርስ ወንዝ ወርዳ ገላዋንና ልብሷን ታጥባ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የዚህ ሥርዓት መሠረቱ የኦሪት የንጽሕና ሕግ ነው። ከዚያ ጋር ግን የሴት ገላ ጉዳይ በሴቶች መካከል ብቻ እንዲቀር አድርጎ ነበር። በዚህ ሥርዓት ያደገች እናት በሰማንያ ዓመቷ የማታውቀው ወንድ ልብሷን ሲያወልቅ ምን እንደሚሰማት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በልጅነታችን ቄሶች ከነገሩን ታሪኮች አንዱ የኖኅ ነው። ኖኅ ወይን ጠጥቶ በድንኳኑ ውስጥ ዕራቁቱን በተኛ ጊዜ አንዱ ልጁ አይቶ ወጥቶ ለወንድሞቹ አወራ። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በትከሻቸው ይዘው የኋሊት እየተራመዱ ገብተው አባታቸውን ሸፈኑት። ልብ እንበል፤ ሁለቱ ልጆች አባታቸውን ለመርዳት ወደ ድንኳኑ መግባት ነበረባቸው፤ አገባባቸው ግን በእጃቸው ነበር። የአረጋውያን ቤት ሥራም እንዲሁ ነው። ሠራተኛው ማጠብ፣ ማልበስና መቀየር ግድ ነው። ጥያቄው እንዴት ይገባል የሚለው ነው።

አክስቴ ውሃ የተዉበት ምክንያት

የእናቴ ታናሽ እህት በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ ነበሩ። ዳሌያቸው ተሰብሮ መነሣት ሲሳናቸው ወደ አንድ የአረጋውያን ቤት ገቡ። የቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ምግቡ በወቅቱ ይቀርባል፤ ሠራተኞቹም ክፉዎች አልነበሩም። በሁለተኛው ወር ግን ከንፈራቸው ደረቀ፣ አንደበታቸው ተሳሰረ። ወደ ሆስፒታል ሲወሰዱ ሐኪሙ በሰውነታቸው ውስጥ ያለው ውሃ አልቋል አለን። ጉሉኮስ ተሰጥቷቸው ተሻላቸውና ተመለሱ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እንደገና እንደዚያው ሆኑ። በመዝገባቸው ላይም መጠጥ እምቢ እንደሚሉና ግራ የመጋባት ምልክት እንደሚታይባቸው ተጻፈ። እኛም ቤተሰቦቻቸው "ዕድሜ ነው" ብለን ተቀበልን።

ምክንያቱን ያወቀችው አማርኛ የምትናገር አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት። አንድ ማታ ሥራዋን ጨርሳ አጠገባቸው ተቀመጠችና "እማማ፣ ምነው ውሃ ጠሉ?" ብላ ጠየቀቻቸው። "ልጄ፣ ከጠጣሁ ይገልጡኛል" አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሽንት ጨርቃቸው የሚቀየረው በሩ ተከፍቶ፣ መጋረጃው ሳይጋረድ፣ ሌላይቱን ሕመምተኛ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች በክፍሉ ውስጥ እያሉ ነው። አንዳንድ ቀንም የሚቀይራቸው ወንድ ነበር። አክስቴ ይህን ለእኛም ለነርሶቹም አልተናገሩም። የሚቀየር ነገር እንዳይኖር ብለው ውሃውን ተዉት።

በዕድሜ የገፋ ሰው ጥማት እንደ ወጣት አይሰማውም፤ ስለዚህ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ይጎዳል። የውሃ እጦት አእምሮን ያደናግራል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የሽንት ቧንቧ በሽታን ያመጣል፣ ለመውደቅም ምክንያት ይሆናል። እንግዲህ አንድ ያልተጋረደ መጋረጃ ሰውን እስከ ሞት ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ዋናዋ ነርስ ነገሩን ስትሰማ ደነገጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ እንዲዘጋና መጋረጃው እንዲጋረድ፣ ሴት ሠራተኛ እንድትመደብ፣ የማይታጠበው የገላ ክፍል በአንሶላ ተሸፍኖ እንዲቆይ፣ ከመንካት በፊትም ምን ሊደረግ እንደሆነ እንዲነገራቸው ተስማማን። ይህ ሁሉ አንዲት ሰቅል እንኳ አላስወጣም። አክስቴ ውሃ መጠጣት ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ኖሩ።

"እሺ" ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

አክስቴ ለምን አልተናገሩም? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አስተዳደጋችን "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" የሚል ነው። የደረሰብንን ነገር "ሆድ ይፍጀው" ብለን እናልፈዋለን። ያጎረሰን፣ ያለበሰን ሰው ሲበድለን እንኳ ፊቱን ላለማሳፈር ይሉኝታ ይይዘናል። ከዚህም በላይ ብዙ ሽማግሎቻችን "ካስቸገርኩ ያባርሩኛል፣ ልጆቼንም አሳፍራለሁ" ብለው ይፈራሉ።

የዚህ አገር ሠራተኛ ግን ዝምታን የሚተረጉመው በሌላ መንገድ ነው። በእርሱ ዘንድ ያልተስማማው ሰው ይናገራል፣ ይጮኻል፣ አለቃ ይጠራል። ስለሆነም ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል ማለት ነው። እኛም አንገታችንን ዝቅ አድርገን "እሺ" ወይም "ቤሴዴር" ስንል ይህ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። የሽማግሌው "እሺ" ግን ብዙ ጊዜ "ሰምቼሃለሁ፣ አከብርሃለሁ" ማለት እንጂ "ተስማምቻለሁ" ማለት አይደለም። ለሠራተኞች ልናስረዳው የሚገባን ትልቁ ነገር ይህ ነው። ዝምታ ፈቃድ አይደለም፤ "እሺ"ም ሁልጊዜ ፈቃድ አይደለም። እንዲያውም ፊትን ወደ ግድግዳ ማዞር፣ ነጠላን እስከ ዓይን መሸፈን፣ ምግብና ውሃ መተው የእኛ ሽማግሎች "እምቢ" የሚሉበት ቋንቋ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የወላጆቻችን ክብር የሚጠበቀው በሠራተኛው በጎነት ብቻ አይደለም፤ በሕግም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የግል ሕይወት ጥበቃ ሕግ አለ። በ1992 የወጣው የሰው ልጅ ክብርና ነጻነት መሠረታዊ ሕግ ደግሞ ለማንኛውም ሰው የግል ሕይወት መብት ይሰጣል። ለጉዳያችን ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብቶች ሕግ ነው።

ይህ ሕግ የሚያክመው ሰውና በሕክምና ተቋሙ የሚሠራ ሁሉ በሕክምናው ደረጃ በሙሉ የሕመምተኛውን ክብርና ገመና እንዲጠብቅ ያዛል። ሕክምና የሚሰጠው ሕመምተኛው ነገሩ ተገልጾለት ሲፈቅድ መሆኑን፣ በሥራ ምክንያት የታወቀ የሕመም ምስጢር እንዳይወጣ፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ ይደነግጋል። የሕክምና ተቋም ኃላፊም የሕመምተኞችን መብት የሚከታተልና አቤቱታ የሚቀበል ሰው የመሾም ግዴታ አለበት።

ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ሌላው ነገር ቤቱ በማን ቁጥጥር ሥር እንዳለ ነው። በመሠረቱ ራሳቸውን ችለው የሚንቀሳቀሱና በመጠኑ የደከሙ አረጋውያን የሚኖሩባቸውን ቤቶች የሚቆጣጠረው የማኅበራዊ ደኅንነት (ርቫሐ) ሚኒስቴር ነው። ሙሉ በሙሉ በሰው እጅ የሚረዱት፣ "ሲዑዲ" የሚባሉት፣ እንዲሁም አእምሮአቸው የደከመ አረጋውያን የሚገኙባቸው ክፍሎች ግን በጤና ሚኒስቴር ሥር ናቸው። አቤቱታ ስናቀርብ ወደ ተሳሳተ በር ሄደን እንዳንመላለስ ይህን አስቀድመን እንጠይቅ።

ነገሩ ቸልተኝነት ሳይሆን ማሠቃየት ወይም መደብደብ ከሆነ ዝም ማለት ራሱ ጥፋት ነው። በ1989 የተሻሻለው የወንጀል ሕግ ራሱን መከላከል በማይችል ሰው ላይ በኃላፊው በኩል ጉዳት እንደደረሰ የሚያምን ማንኛውም ሰው ለማኅበራዊ ጉዳይ ሹም ወይም ለፖሊስ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል።

ስለ ስም፣ ስለ አጠራርና ስለ ዕድሜ

የዕብራይስጥ ቋንቋ "አንቱ" ወይም "እርስዎ" የሚል ቃል የለውም። ሕፃኑም ሽማግሌውም "አታ" ነው። ይህ የቋንቋው ጠባይ እንጂ ንቀት አይደለም፤ ለሽማግሎቻችን ማስረዳት አለብን። ይሁን እንጂ ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን እናት "ማሚ" ወይም "ሐሙዳ" እያሉ እንደ ሕፃን መጥራት በዕብራይስጥም ቢሆን አክብሮት አይደለም።

ከዚህ የከበደው የስም ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን በገባንበት ወቅት የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቶናል፤ በመታወቂያችንም የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጽፎአል። አዛውንቱ ግን ዕድሜአቸውን ሙሉ ባልተጠሩበት ስም ሲጠሩ ላይመልሱ ይችላሉ። ሠራተኛውም ጆሮአቸው ደክሟል ወይም አእምሮአቸው ተናግቷል ይላል። ዕድሜም እንዲሁ ነው፤ የብዙዎች የልደት ቀን የተመዘገበው በግምት ነው። የአእምሮ ብቃት መመርመሪያ ጥያቄዎች ደግሞ ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉም ያዛሉ። ዕድሜውን ሙሉ በዝናብና በመኸር ጊዜን የቆጠረ፣ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ በዚህ ሚዛን ቢቀል የሚያስገርም አይደለም። እንደዚህ ያለ ምርመራ ሲደረግ በቋንቋው የሚጠይቅ ሰው እንዲኖር ቤተሰብ መጠየቅ አለበት፤ ምክንያቱም "አይገባውም" የተባለ ሰው ፈቃዱ መጠየቁ ይቀራል።

አለባበስም ከክብር ይቆጠራል። ለቄስ ጥምጥሙ፣ ለእናት ሻሿና ነጠላዋ የገላ ያህል ናቸው። ለማጠብ ሲወልቁ የት እንደሚቀመጡ፣ መቼ እንደሚመለሱ ይነገራቸው። በአንዳንድ እናቶች ግንባር ላይ በክርስቲያኖች መካከል ሲኖሩ የተነቀሱት የመስቀል ንቅሳት አለ። ይህ የኑሮአቸው ገመና ነው፤ በምግብ አዳራሽ በሰው ፊት የሚጠየቅ ጉዳይ አይደለም።

ስለ ምስጢርና ስለ አስተርጓሚ

ብዙውን ጊዜ የሚያስተረጉመው የልጅ ልጅ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በአያቱና በሐኪሙ መካከል ቆሞ ስለ ሽንት፣ ስለ ማሕፀን፣ ስለ ሰገራ ሲያስተረጉም አያቱ እውነቱን ይናገራሉ ብለን አንጠብቅ። ራሳቸውን አመመኝ ብለው ያልፉታል። ልጁም ሊሸከመው የማይገባውን ይሸከማል። ማኅበረሰባችን ትንሽ ስለሆነ ሌላ አስተርጓሚ ሲመጣም የጎረቤት ልጅ ወይም የአማት ዘመድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አስተርጓሚው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት በአዛውንቱ ፊት፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ፣ ይነገር። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን ከሕመምተኛው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያጣጥሙ አዟልና፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥር 1996 ወገኖቻችን የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ይጣል እንደነበር በታወቀ ጊዜ የተሰማንን ቁስል ሁላችንም እናስታውሳለን። ብዙ ሽማግሎች ከዚያ ወዲህ በሕክምና ቤት የሚጻፍባቸውን ወረቀት በጥርጣሬ ያያሉ። እምነታቸው የሚመለሰው ምን እንደተጻፈ፣ ማን እንደሚያነበው በግልጽ ሲነገራቸው ነው።

መርዶም አለ። በባህላችን ክፉ ወሬ በስልክ ወይም በችኮላ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ይዞ ነው። የዚህ አገር ሕግ ደግሞ ስለ ሕመሙ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሕመምተኛው ራሱ ነው ይላል። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ወላጃችን ገና አእምሮአቸው ሳይደክም "ስለ ሕመምዎ ለእርስዎ ይነገር ወይስ መጀመሪያ ለማን ይነገር?" ብለን እንጠይቃቸው፤ መልሱም በመዝገባቸው ይጻፍ። ውሳኔው ግን የእርሳቸው ይሁን፤ "ባህላችን ነው" እያልን ልጆች የወላጅን መብት እንዳንወስድ እንጠንቀቅ።

ለተመራማሪዎችና ለታሪክ ሰብሳቢዎች

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት ቴፕ ይዤ ወደ አንድ የአረጋውያን ቤት ሄድኩ። በኡም ረኩባ ሰፈር ሁለት ልጆቻቸውን ቀብረው የመጡ አባት ነበሩ። በሱዳን መንገድ ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4000 ይገመታሉና ምስክርነቱ እንዳይጠፋ ቸኩዬ ነበር። በምግብ አዳራሹ ውስጥ ጠየቅኋቸው፤ እርሳቸውም መለሱልኝ። ሳላስተውለው ሰው ዙሪያችንን ከብቦ ይሰማ ነበር። በማግስቱ ነርሷ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኙ ነገረችኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስገባ "ልጄ፣ እንግዳ ነህ፤ እንግዳ ይመለሳል ወይ?" አሉኝ። "እሺ" ያሉኝ ስለፈቀዱ ሳይሆን ስላከበሩኝ ነበር። ያንን ካሴት እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ለማንም አላሰማሁትም።

ስለሆነም ለጥናት፣ ለፎቶግራፍ ወይም ለተማሪ ሥራ የሚመጣ ሁሉ ይህን ይያዝ፦ ፈቃድ በመጀመሪያው ቀን አይጠየቅም፤ አንድ ቀን ቡና ጠጥቶ፣ በሌላ ቀን ተመልሶ ነው። የቤቱ ኃላፊ ፈቃድ የአዛውንቱን ፈቃድ አይተካም። በአልጋ ላይ ያለ ሰው ፎቶግራፍ አይነሣ፤ የጎረቤቱም አልጋ በሥዕሉ ውስጥ አይግባ። በበዓለ ስግድ ጊዜ ሽማግሎችን ሊጎበኙ የሚመጡ ወጣቶችም በስልካቸው ያነሡትን ለዓለም ከመበተናቸው በፊት ይጠይቁ።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

1. ወላጃችን በሚገቡበት ቀን አንድ ገጽ ጽሑፍ በዕብራይስጥ እናዘጋጅ፦ በምን ስም እንደሚጠሩ፣ ማን እንዲያጥባቸው እንደሚፈልጉ፣ ሻሻቸውን ወይም ጥምጥማቸውን ስለ ማውለቅ፣ ስለ ሰንበትና ስለ ምግብ። ገጹ በመዝገባቸው ውስጥ ይግባ እንጂ አላፊ አግዳሚ በሚያነበው ግድግዳ ላይ አይለጠፍ።

2. "ደኅና ነዎት?" ብለን ብቻ አንመለስ፤ መልሱ "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው። "ማን አጠበዎት? በሩ ተዘግቶ ነበር? ዛሬ ስንት ብርጭቆ ጠጡ?" ብለን እንጠይቅ።

3. በተለያየ ሰዓት እንጎብኝ፤ ጠዋት የመታጠቢያ ሰዓት ላይም።

4. እኛም በሩን አንኳኩተን እንግባ። የክፍሉ ተካፋይ የሆነችው ሌላዋ እናት በምትቀየርበት ጊዜ እንውጣ።

5. አቤቱታችንን በመጀመሪያ ለዋናዋ ነርስ ወይም ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ በትሕትና፣ ካልተስተካከለ በጽሑፍ፣ ከዚያም ለሚቆጣጠረው ሚኒስቴር እናቅርብ። መልካም የሠራችውንም ሠራተኛ በስሟ እናመስግን። ብዙዎቹ በጥቂት እጅ ብዙ አልጋ የሚያገለግሉ ደካሞች ናቸው።

6. ወላጃችን ገና ጤነኛ ሳሉ፣ ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ስለዋለው ዘላቂ የውክልና ሥልጣን እንነጋገር። ይህን ለማዘጋጀት በተፈቀደለት ጠበቃ ፊት፣ ወደ ፊት አእምሮአቸው ቢደክም ማን እንደሚወስንላቸውና እንዴት እንዲያዙ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ሊያስጽፉ ይችላሉ።

ውድ አንባብያን፤ ኦሪት በሽበት ፊት መነሣትን ታዛለች። ወላጆቻችን ዛሬ ተኝተው እኛ የቆምን ነንና፣ መነሣት ማለት ያልተናገሩትን መጠየቅ፣ ያልተጋረደውን መጋረድ ነው። በዚህ ሳምንት ወላጁን ሊጎበኝ የሚሄድ ሁሉ አልጋው አጠገብ ያለውን መጋረጃ ስቦ ይመልከት፤ እስከ መጨረሻው የማይዘጋ ከሆነ ዛሬውኑ ይናገር። እግዚአብሔር ለአረጋውያኖቻችን ጤና፣ ለሚያገለግሏቸውም ብርታት ይስጥልን።